መብራቱ እንዳይጠፋ የተፈቀደ ጭስ

በደቡብ አፍሪካ የከሰል ምድር ዓይን ይዋሻል። ከፕሪቶሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኢማላህሌኒ ከተማ በሚያመራው አቅጣጫ ኩሲሌ የሚባል ግዙፍ የኃይል ማመንጫ አለ። ጎጂውን ጋዝ ከጭሱ የሚያስቀረው የጭስ ማጠቢያው በደህና ሲሠራ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ነገር ነጭ፣ ወፍራምና ከሩቅ የሚታይ ነው። በአካባቢው ባሉት አሮጌ ማመንጫዎች አናት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ስስ ግራጫ ነገር ብቻ ነው። የማያውቅ መንገደኛ ኩሲሌን ረግሞ ሌሎቹን ያመሰግናል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ነጩ በአብዛኛው እንፋሎት ነው፤ ከአሮጌዎቹ የሚወጣው ጎጂ ጋዝ፣ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ደግሞ ቀለም የለውም።

ይህ የማይታይ ጋዝ በ2025 ሰፊ ፈቃድ አገኘ (ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጋቢት 31 ቀን የዚያን ጊዜው የደቡብ አፍሪካ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ዲዮን ጆርጅ የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት ኤስኮም ስምንት ማመንጫዎቹን በሕግ ከተቀመጠው የልቀት ገደብ በላይ እያጨሱ እንዲሠሩ ለዓመታት የሚቆይ ፈቃድ ሰጡ። ማመንጫዎቹ ዱቫ፣ ኬንዳል፣ ሌታቦ፣ ማጁባ፣ ማቲምባ፣ ማትላ፣ ሜዱፒና ቱቱካ ናቸው። ከሦስት ወር በኋላ፣ በሐምሌ፣ ሕንድ አብዛኞቹን የከሰል ማመንጫዎቿን የጭስ ማጠቢያ ከመትከል ግዴታ ነፃ አወጣች።

ሁለቱም አገሮች ምክንያት አላቸው፤ አንዳንዱም ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የጠፋው ግን ዕውቀቱ አይደለም። ጭስን ከአሲድ ማጠብ ወደ 100 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ሙያ ነው። የጠፋው ትርፍ ነው፦ ትርፍ ኃይል፣ ትርፍ ውሃ፣ ትርፍ ገንዘብ። መጠባበቂያ ያላስቀመጠ የኤሌክትሪክ ሥርዓት የጨነቀው ቀን የሕዝቡን ሳንባ መጠባበቂያ ያደርገዋል ባይ ነኝ። የኩሲሌን ታሪክ የመረጥሁትም ይህን ከማንም ይልቅ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው።

ድኝ፣ ኖራና ጄሶ

ድንጋይ ከሰል ንጹሕ ካርቦን አይደለም። ከጥንቱ ረግረግ ዕፅዋት ጋር አብሮ የተቀበረ ድኝ፣ ክሎሪንና ፍሎሪን በውስጡ አለ። (በሰዶምና በገሞራ ላይ ዘነበ የሚባለው ዲን ይኸው ድኝ ነው።) ከሰሉ በቦይለር ውስጥ ሲነድ ድኙ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ክሎሪኑ ሃይድሮጂን ክሎራይድ፣ ፍሎሪኑ ደግሞ ሃይድሮጂን ፍሎራይድ ይሆናል። ሦስቱም ከውሃ ጋር ሲገናኙ አሲድ ስለሚፈጥሩ አሲድ ጋዞች ይባላሉ። በመጠን የሚበልጠው፣ ክርክሩም ሁሉ የሚዞርበት፣ የመጀመሪያው ነው።

ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ነው። ከክብደቱ 1 በመቶው ድኝ የሆነ አንድ ቶን ከሰል ሲነድ 10 ኪሎ ድኝ ይቃጠላል፤ ድኙ በክብደቱ ልክ ኦክሲጅን ስለሚወስድ 20 ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 800 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አንድ ክፍል ብቻ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በግርድፉ በሰዓት 400 ቶን ያህል ከሰል ይበላል። ከሰሉ 1 በመቶ ድኝ ካለው ከዚያ አንድ ክፍል በየሰዓቱ 8 ቶን፣ በቀን ወደ 190 ቶን ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። አንድ ትልቅ ማመንጫ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ስድስት ክፍሎች አሉት።

ጋዙ በቅርብ ያለውን ሰው የመተንፈሻ ቱቦ ይቆጣል፤ አስም ያለበትን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊያስጨንቀው ይችላል። የከፋው ጉዳት ግን የሚደርሰው ጋዙ ራቅ ካለ በኋላ ነው። በአየር ላይ ቀስ እያለ ወደ ሰልፌትነት ይለወጣል፤ ከአሞኒያ ጋር ተጣምሮም ሳንባ ጥልቅ ድረስ የሚገባ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል። ብናኙ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ጭስ ማውጫን ማስረዘም ችግሩን ወደ ጎረቤት መላክ እንጂ መፍታት አይደለም። አውሮፓ ይህን የተማረችው የስዊድንና የኖርዌይ ሐይቆች ዓሣ አልባ ሲሆኑ ነበር። ስቫንቴ ኦዴን የተባለው ስዊድናዊ ሳይንቲስት በ1967 የአገሩ ዝናብ አሲድ የሆነው ከብሪታንያና ከመካከለኛው አውሮፓ በሚነፍሰው ጭስ ምክንያት መሆኑን በጋዜጣ ሲጽፍ ብዙዎች አላመኑትም ነበር።

መድኃኒቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ እንደ ዱቄት ይፈጭና ከውሃ ጋር ተበጥብጦ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይሆናል። ወደ 130 ዲግሪ የሚሞቀው ጭስ ከትልቅ ማማ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ሲወጣ ፈሳሹ ከላይ በብዙ አፈ ሙዞች እየተረጨ እንደ ዶፍ ይወርድበታል። ጋዙ በጠብታዎቹ ውስጥ ይሟሟል፣ ከኖራው ጋር ይጣመራል፣ ከማማው ግርጌ አየር ሲነፋበት ደግሞ ወደ ጄሶ ይለወጣል። አዎ፣ የአዲስ አበባ ግንበኛ ግድግዳ የሚለስንበት ያው ጄሶ ነው። በጀርመን ለብዙ ዓመታት የቤት ውስጥ ግድግዳ ሰሌዳ የሚሠራበት ጄሶ ሰፊ ድርሻው የተገኘው ከእነዚህ ማማዎች ነበር። ለ20 ኪሎ ጋዝ 31 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ይገባል፤ 54 ኪሎ ጄሶ ይወጣል። በዚያው ልክ ወደ 14 ኪሎ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጣቱን የማጠቢያው ወዳጆች ብዙ ጊዜ አያነሱትም። ከሰሉ ራሱ ከሚያወጣው አንጻር ግን ኢምንት ነው።

በደህና የተያዘ ማጠቢያ ከጋዙ 90 በመቶውንና ከዚያም በላይ ያስቀራል። ክሎራይድና ፍሎራይዱ ውሃን ስለሚወዱ ከዚህም በቀለለ ይያዛሉ። ለዚህም ነው የአሜሪካ ሕግ ሰልፈር ዳይኦክሳይድን የሚያጥብ ማመንጫ ሌሎቹን አሲድ ጋዞች በየራሳቸው ከመለካት ይልቅ በእርሱ ልኬት እንዲመዘን የሚፈቅደው። ይሁንና ክሎራይዱ በፈሳሹ ውስጥ እየተጠራቀመ ብረት ይበላል። ከፈሳሹ እየተቀነሰ ካልተጣለ የማይዝገውንም ብረት ያዝገዋል፤ የተጣለው ውሃ ደግሞ ራሱን የቻለ ማጣሪያ ይፈልጋል። አየሩን አጽድቶ ወንዙን ማቆሸሽ እንዳይሆን።

ደረቅ ዘዴም አለ። የኖራ ዱቄት በጭሱ መንገድ ላይ ይነፋል፤ ጋዙን የያዘው ዱቄት ወደ ፊት በጨርቅ ማጣሪያ ይለቀማል። ውሃ አይጠጣም፣ ለመትከልም ርካሽ ነው፤ የሚይዘው ግን ያነሰ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ፈቃድ

ጭስን በማጠብ ቀዳሚ የነበረችው ለንደን ናት። በቴምዝ ወንዝ ዳር የተሠራው የባተርሲ ማመንጫ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ጭሱን በወንዙ ውሃና በኖራ ያጥብ ነበር። መሃል ከተማ ላይ የከሰል ማመንጫ ሲተከል የሰፈሩ ሰውና የምክር ቤት አባላት አስቀድመው ስለጮሁ የመጣ ግዴታ ነው። ጥቂት ቆይቶ በፉላም ሌላ ተተከለ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከማጠቢያው የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ለጀርመን ቦምብ ጣዮች ምልክት ይሆናል ተብሎ በፉላም ማጠቡ እንዲቆም ተደረገ። እንግዲህ ጭስን የማጠብ ታሪክ ገና ከመጀመሩ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድም አብሮት ተወለደ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ማንም ክፉ ውሳኔ ነበር አይልም፤ ሰማዩ ላይ ጠላት ነበረና።

ኩሲሌም እንዲህ ያለ ቀን መጣበት፤ የመጣበት ግን ከሰማይ አይደለም።

ኩሲሌ ስድስት ክፍሎች ያሉት፣ በጠቅላላው ወደ 4,800 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተነደፈ ማመንጫ ነው። በአፍሪካ እርጥቡን የጭስ ማጠቢያ ይዞ የተነሳ የመጀመሪያው የከሰል ማመንጫ መሆኑን ኤስኮም በኩራት ሲናገር ኖሯል፤ ኩራቱም የሚገባ ነበር። የአንደኛው፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍል ጭስ ከ200 ሜትር በላይ በሚረዝም አንድ የኮንክሪት ግንብ ውስጥ ጎን ለጎን በቆሙ ሦስት ቧንቧዎች ይወጣል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ በር እንደሚገባበት ግቢ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ሦስቱም ደጅ ይቀራሉ።

ማጠቢያው ያለው ማመንጫ አንድ ልዩ ጣጣ አለበት። በአሮጌዎቹ ማመንጫዎች ጭሱ እንደሞቀ ይወጣል፤ ሙቀቱም አሲዱ በቧንቧው ላይ ጠል ሆኖ እንዳይቀመጥ ይጠብቀዋል። ከማጠቢያ የወጣ ጭስ ግን ወደ 50 ዲግሪ የወረደና በውሃ የተሞላ ነው። ከማማው አናት ላይ ጠብታዎቹን ይዘው የሚያስቀሩ የታጠፉ ሳህኖች ይደረደራሉ፤ እነርሱም በየጊዜው በንጹሕ ውሃ መታጠብ አለባቸው። ሳህኖቹ ሲደፈኑ ወይም ማማው ከልክ በላይ ሲጨነቅ የኖራው ፈሳሽ ከጭሱ ጋር አምልጦ ወደ ቧንቧው ይሻገራል። አግድም በተዘረጋው የቧንቧ ክፍል ላይ ይተኛል፣ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። ጄሶ በባልዲ ውስጥ ረስቶት የሄደ ለሳኝ በማግስቱ የሚያገኘውን ማሰብ ይበቃል፤ ልዩነቱ ባልዲው የመኪና መንገድ የሚያህል መሆኑ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2022 የአንደኛው ክፍል የጭስ ቧንቧ ግንቡ ውስጥ ተደረመሰ። ምክንያቱ በውስጡ ተከማችቶ የጠነከረው ዝቃጭ ክብደት ነበር። የተጎዳው የአንዱ ክፍል ቧንቧ ቢሆንም ግንቡ አንድ ስለሆነ ሦስቱም ክፍሎች ከሥራ ወጡ፤ በድምሩ ከ2,000 ሜጋ ዋት በላይ። በደቡብ አፍሪካ የመብራት ፈረቃ በደረጃ ይሰፈራል፤ አንዱ ደረጃ 1,000 ሜጋ ዋት ነው። የአንድ ቧንቧ መውደቅ ፈረቃውን በሁለት ደረጃ ከፍ አደረገው ማለት ነው። ዝቃጩ በአንድ ሌሊት አልተከማቸም። ማየት የነበረበት ሰው አላየም፣ ወይም አይቶ ክፍሉን ለማቆም አልደፈረም። ኃይል በጠፋበት አገር ለጽዳት ክፍል የሚያቆም ሥራ አስኪያጅ ምስጋና አይጠብቀውም። እኔ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ኩሲሌን የጣለው ማጠቢያው ራሱ አይደለም፤ ለማጠቢያው የሚገባውን ጊዜ የነፈገው የኃይል እጥረት ነው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነበር። በየካቲት 2023 ፕሬዚዳንት ራማፎሳ በኃይል እጥረቱ ምክንያት ብሔራዊ የአደጋ ጊዜ አወጁ። በዚያ ዓመት አገሪቱ ከ300 በላይ ቀናት በፈረቃ ቆየች። በጆሃንስበርግ ጄፔ በሚባለው ሰፈር፣ በየከተማው ዳር ባሉት የጥቁሮች መኖሪያዎችም ሱቅ የከፈቱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓመት አይረሱትም፤ ማቀዝቀዣ ያለው ሱቅ መብራት በቀን ለስድስትና ለስምንት ሰዓት ሲጠፋበት ወይ ጄኔሬተር ይገዛል ወይ ወተቱንና ሥጋውን ይጥላል። ውሃ ማንሻ ፓምፖች ቆመው ቧንቧ የደረቀባቸው ሰፈሮች ነበሩ። ሐኪም ቤቶችም ተጨንቀው ነበር።

ኤስኮም መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ከግንቡ ጎን ጊዜያዊ የብረት ጭስ ማውጫዎች መትከልና ጭሱን ሳያጥቡ በእነርሱ መልቀቅ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በሰኔ 2023 ፈቀደ፤ ፈቃዱ እስከ መጋቢት 31 ቀን 2025 የሚቆይ፣ ከቅድመ ሁኔታዎቹም አንዱ ኤስኮም ሠራተኞቹንና በዙሪያው ያለውን ነዋሪ በገለልተኛ ባለሙያ በጤና እንዲያስመረምር የሚያዝ ነበር። ይህ ቅድመ ሁኔታ ይገርመኛል። ፈቃዱን የጻፈው ሰው ምን እየፈቀደ እንደሆነ በሚገባ ያውቅ ነበር። ከመስከረም እስከ ኅዳር 2023 ሦስቱም ክፍሎች አንድ በአንድ ወደ ሥራ ተመለሱ።

ዘጠኝ ሞት መጣ ቢሉት አንዱን ግባ በሉት ይባላል። በ2023 እኔ የፈቃዱ ወንበር ላይ ብሆን ምን እወስን እንደነበር ራሴን ጠይቄ፣ ሳልፈቅድ አልቀርም ነበር የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ቀኑ የተቆረጠ፣ ምክንያቱ የታወቀ፣ ጥገናው ከጎኑ እየተካሄደ ያለ ፈቃድ ነበር። የ2025ቱ ግን እንዲያ አይደለም።

ችግሩ ሲያልፍ የቀረው ፈቃድ

በመጋቢት 2024 መጨረሻ የደቡብ አፍሪካ የመብራት ፈረቃ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ከ300 ቀናት በላይ ሳይመለስ ቆየ። በ2025 መጀመሪያ አልፎ አልፎ ብቅ ቢልም እንደ 2023ቱ አልነበረም። የስምንቱ ማመንጫዎች ፈቃድ የተሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። በአጋጣሚ ቀኑ የኩሲሌ ጊዜያዊ ፈቃድ ያበቃበት ቀን ነበር፤ አንዱ በር ሲዘጋ ስምንት ተከፈቱ። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የቀድሞዋ ሚኒስትር ባርባራ ክሪሲ ለአምስት ሌሎች አሮጌ ማመንጫዎች እስኪዘጉ፣ ቢበዛ እስከ 2030፣ ተመሳሳይ እፎይታ ሰጥተው ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። የልቀት ገደቡ የወጣው በ2010 ሲሆን ለነባሮቹ ማመንጫዎች አሥር ዓመት ያህል የመዘጋጃ ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ለሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጀመሪያ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር ጭስ 3,500 ሚሊ ግራም፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ 500 እንዲሆን ታቀደ። 2020 ሲደርስ 500ው ለነባሮቹ ወደ 1,000 ከፍ ተደረገ። ለማነጻጸር ያህል፣ ቻይና ለከሰል ማመንጫዎቿ ያስቀመጠችው 35 ነው። ኤስኮም ለ1,000ውም አልደረሰም። በ2021 መጨረሻ ገደቡ በቀጥታ ከተተገበረ 16,000 ሜጋ ዋት ወዲያውኑ ማቆም እንደሚኖርበት፣ ሙሉውን ለማሟላት ከ300 ቢሊዮን ራንድ በላይ እንደሚያስወጣውና ያ ሁሉ ገንዘብ አንድ ሜጋ ዋት እንኳ እንደማይጨምር ተናገረ። መንግሥት በ2023 ከዕዳው 254 ቢሊዮን ራንዱን ለመሸከም የተገደደለት ድርጅት መሆኑን ስናስታውስ የሚናገረው ሐሰት አይደለም። ግን አሥሩ ዓመት የት ሄደ?

ፍርድ ቤቱም ዝም አላለም። ግራውንድወርክና ቩካኒ የተባሉት ሁለት የመብት ድርጅቶች በመሠረቱት ክስ የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ኮሊን ኮሊስ በመጋቢት 2022 ብዙዎቹ የከሰል ማመንጫዎች ያሉበት የሃይቬልድ ደጋማ አካባቢ አየር የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 24 ይጥሳል ሲሉ ፈረዱ። አንቀጹ ማንኛውም ሰው ጤናውን በማይጎዳ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው የሚደነግግ ነው። አካባቢው ልዩ ክትትል የሚያስፈልገው ተብሎ የተሰየመው በ2007 ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ዳኛዋ ያረጋገጡት ስያሜው አየሩን እንዳላጠራው ነው።

ኤስኮም አንድ የሚደመጥ መከራከሪያ አለው። በሃይቬልድ የክረምት ጠዋቶች ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ እንደ ክዳን ይዘጋል፤ በድሃ ሰፈሮች ከየቤቱ የሚወጣው የከሰል ምድጃ ጭስ በዚያ ክዳን ሥር ይታፈናል። የማመንጫዎቹ ረጃጅም ግንቦች ግን ጭሳቸውን ከክዳኑ በላይ ይለቃሉ። ስለዚህ እናቶችንና ሕፃናትን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የቤት ጭስ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ደግሞ ሰዉ ወደ ምድጃው ይመለሳል ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ከላይ የተናገርነው ነው፦ ከክዳኑ በላይ የተለቀቀው ጋዝ አይጠፋም፣ ሰልፌት ሆኖ ይወርዳል፤ የሚወርድበትም ቦታ ከግንቡ የራቀ ስለሆነ የሚተነፍሰው ሰው የማንን ጭስ እንደተነፈሰ አያውቅም። የአገሪቱ የ24 ሰዓት የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልክ በኪዩቢክ ሜትር አየር 125 ማይክሮ ግራም ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 40 ነው። ልኩን የሚያሟላ ቀን ሁሉ ጤናማ ቀን አይደለም።

ሕንድም በተመሳሳይ መንገድ ሄደች። በ2015 ደንብ አወጣች፤ ቀነ ገደቡ 2017 ነበር። ወደ 2022 ገፋችው፤ ከዚያ ማመንጫዎቹን በሦስት ምድብ ከፍላ ደጋግማ ገፋችው። በሐምሌ 2025 ከትልልቅ ከተሞች የራቁትን፣ ከጠቅላላው ሦስት አራተኛ የሚበልጡትን፣ ጨርሳ ማረቻቸው። ምክንያቷ ከደቡብ አፍሪካ ይለያል፤ የሕንድ ከሰል አመዱ ብዙ፣ ድኙ ግን ከ0.5 በመቶ በታች ነው። ይህ እውነት ሆኖ ሳለ፣ በየዓመቱ የምታነደው ከሰል መጠን ትንሿን ድኝ ትልቅ ያደርጋታል።

ቻይና በተቃራኒው የተማረችው ነገር ለሁለቱም ይጠቅም ነበር። በ2000ዎቹ ማጠቢያዎችን በገፍ ተከለች፤ ብዙዎቹ ግን ተተክለው አይሠሩም ነበር፣ ማጠቢያ ኃይል ይበላልና። የተለወጠው ማጠቢያውን እያሠራ ለሚያመነጭ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 1.5 ፈን (የቻይና ሳንቲም) ተጨማሪ ዋጋ ሲከፈለውና ጭስ ማውጫው ላይ በተተከለ መለኪያ ልቀቱ ቀን ከሌሊት መታየት ሲጀምር ነው። ያላጠበ ገንዘቡን ይመልሳል፣ ይቀጣልም። ደቡብ አፍሪካ ማጠብን ወጪ ብቻ አድርጋ ስለጻፈችው በየመዝገቡ የመጀመሪያው ተሰራዥ እርሱ ይሆናል።

ያለ ትልቅ ማማ

እንግዲህ ለሁሉም ማመንጫ እርጥብ ማጠቢያ ይተከል ብሎ መጮህም አያዋጣም። በአሥር ዓመት ውስጥ ሊዘጋ የታቀደ ማመንጫ ላይ ለግንባታ ብቻ ዓመታት የሚፈጅ ማማ ማቆም ለቀብር አልጋ መግዛት ነው። በመካከል ግን ብዙ ነገር አለ። ከሰሉን በማጠብ ከማዕድን ጋር ተጣብቆ ያለውን ድኝ መቀነስ ይቻላል። የጨርቅ ማጣሪያ ባላቸው ማመንጫዎች ላይ ቀደም ሲል የጠቀስሁት የኖራ ዱቄት ሊነፋ ይችላል፤ ከጋዙ ሲሦውን እንኳ ቢያስቀር፣ ምንም ካለማስቀረት ጋር አይወዳደርም። ዛሬ ፈረቃ በሌለበት ሌሊት ደግሞ የትኛው ክፍል ይቁም ሲባል በመጀመሪያ የሚቆመው በጣም የሚያጨሰው እንዲሆን ማዘዝ ገንዘብም ማማም አይጠይቅም። የ2025ቱ ፈቃድ በየማመንጫው ዙሪያ የጤና ምርመራና ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአየር መለኪያም እንዲኖር ያዛል። መልካም ነው። ሆኖም ክሊኒክ ጭስን አያጥብም፤ የታመመውን ይቆጥራል።

ስለ እኛ አንድ ነገር ላንሳ። ኢትዮጵያ መብራቷን በአብዛኛው ከውሃ ስለምታመነጭ ይህ ሁሉ የሩቅ ሊመስል ይችላል፤ ግን የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለረጅም ጊዜ ሲያነዱት የኖሩት ከሰል በአብዛኛው ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ነበር፤ አሁን ደግሞ በአገር ውስጥ ከሰል እየተተካ ነው። ደግነቱ የሲሚንቶ ምድጃ ራሱ በኖራ ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ ከነዳጁ የሚወጣውን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ አብዛኛውን እዚያው ይውጠዋል፣ ከክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው የምድጃው ውጤት) ጋር ያስቀረዋል። ያለ ማማ የሚሠራ ማጠቢያ ነው ማለት ይቻላል። ያው ከሰል በተራ ቦይለር ውስጥ፣ በጨርቃጨርቅም ሆነ በምግብ ፋብሪካ፣ ሲነድ ግን የሚውጠው ነገር የለም። የአገር ውስጡ ከሰል ቦይለር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ድኙ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ስመለስ፣ ከስምንቱ ማመንጫዎች መካከል አንደኛዋ ከሌሎቹ ትለያለች። ሜዱፒ አሮጌ አይደለችም። በሊምፖፖ ግዛት፣ በሌፋላሌ፣ ከኩሲሌ ጋር በአንድ ዘመን የተሠራች፣ 4,764 ሜጋ ዋት የምታመነጭ የኩሲሌ መንትያ ናት። በሚያዝያ 2010 የዓለም ባንክ ለኤስኮም 3.75 ቢሊዮን ዶላር ሲያበድር አብዛኛው ለእርሷ የዋለ ሲሆን፣ ማጠቢያው ከግንባታው በኋላ እንዲጨመርላት የብድሩ ግዴታ ነበር። አካባቢው ደረቅ ነው። ሜዱፒ እንፋሎቷን የምታቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው፤ እርጥቡ ማጠቢያ ግን በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ኪዩቢክ ሜትር ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃውም ከሩቅ ወንዝ በቧንቧ መምጣት አለበት። ቧንቧው ዘገየ። ገንዘቡ ዘገየ። ክፍሎቹ አንድ በአንድ ተጠናቀው ሥራ ጀመሩ፣ ማጠቢያው ቀረ።

ይህች ማመንጫ እንደ አሮጌዎቹ ነገ ትዘጋለች ተብሎ አይታለፍም፤ ገና አሥርት ዓመታት የሚቀራት ናት። ንድፏን ያወጡት መሐንዲሶችም ማጠቢያ እንደሚመጣ ያውቁ ስለነበር ለማማዎቹ የሚሆነውን ቦታ ባዶ ትተውላታል። ኩሲሌ ላይ ማማዎቹ በቆሙበት ስፍራ፣ ሜዱፒ ላይ ዛሬም ያለው ያ ባዶ ቦታ ነው።